ሻንት ወይስ ኢቲቪ? ከተማ መቆየት ወይስ ወደ ቤት መመለስ? ለጭንቅላት ውሃ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሕፃን የማገገሚያ ምርጫዎች

ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞበት ለተወለደ ሕፃን፣ ሐኪሞች ሃይድሮሴፋለስ ለሚሉት ሕመም፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ሲባል ቤተሰቡ የሚጨነቀው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ቱቦ (ሻንት) ይግባለት ወይስ በካሜራ (ኢቲቪ) ይሠራለት? ይህን በአብዛኛው የሚመልሰው የሕፃኑ ዕድሜና የሕመሙ መነሻ ስለሆነ የቤተሰቡ ድርሻ ትንሽ ነው። ቤተሰቡ ብቻውን የሚወስነው ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከሆስፒታል ስንወጣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የት እናሳልፍ? ይህኛው የሚታሰበው ብዙ ጊዜ የመውጫ ወረቀቱ ተጽፎ፣ ዕቃው ተሸክፎ፣ ስለ መኪና መጠየቅ ሲጀመር ነው። ሁለቱን ለያይቶ መወሰን ስሕተት ነው። ባሕር ዳር ከተማ ለሚኖር ልጅ የሚመቸው ምርጫ ጣና ሐይቅ ውስጥ ላለው ለደቅ ደሴት ልጅ ላይመች ይችላል።

ሁለቱ ቀዶ ጥገናዎች ምንና ምን ናቸው

አንጎል ውስጥ በየቀኑ ንጹሕ ፈሳሽ ይመነጫል፤ በአዋቂ ሰው ግማሽ ሊትር ገደማ ይሆናል። ፈሳሹ በአንጎል ውስጥ ባሉ አራት ክፍት ቦታዎች አልፎ፣ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ዞሮ ወደ ደም ይመለሳል። በሦስተኛውና በአራተኛው ክፍት ቦታ መካከል ያለችው ቀጭን ቦይ ጠባ ከተፈጠረች፣ ወይም ልጁ ስፓይና ቢፊዳ፣ ማለትም የጀርባ አጥንቱ በደንብ ሳይገጥም የሚቀርበት ሕመም፣ ይዞት ከተወለደ መንገዱ ይታወካል፤ መመንጨቱ ግን አይቆምም። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልገጠሙ ጭንቅላቱ እየሰፋ ይሄዳል። ብርድ አይደለም፣ ዓይን አይደለም፣ እናቲቱ ከባድ ነገር ስላነሣችም አይደለም።

ሻንት የሲሊኮን ቱቦ ነው። የላይኛው ጫፍ አንጎል ውስጥ ካለው ክፍት ቦታ ይነሣል፤ መሐሉ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጆሮ ጀርባ፣ ቫልቭ አለ፤ የታችኛው ቱቦ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር ወርዶ ሆድ ውስጥ ያበቃል። ቫልቩ ፈሳሹን ወደ ታች ብቻ ያሳልፋል፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ግፊት ተብሎ ይመጣል። ልጁ ሲያድግ እንዳያጥር የታችኛው ቱቦ ተርፎ ሆድ ውስጥ ይተዋል። በብዙ የአፍሪካ ሆስፒታሎች የሚገባው ሕንድ ውስጥ የሚሠራው ቻብራ ነው። ርካሽ ስለሆነ የሚጠራጠሩት አሉ፤ ሆኖም ኡጋንዳ ውስጥ ብዙ እጥፍ ከሚያስወጣው ኮድማን ጋር ተነጻጽሮ በውጤት አላነሰም። ስለዚህ ውድ ሻንት ከውጭ አገር ዘመድ እስኪልክ እየተባለ የሚጠበቀው ወር በከንቱ የሚያልፍ ነው፤ በዚያ ወር ውስጥ የሚጎዳው አንጎሉ ነው።

ኢቲቪ የሚሠራው በቀጭን ካሜራ ነው። ካሜራው በእርግብግቢቱ ጠርዝ ወይም በትንሽ የአጥንት ቀዳዳ ገብቶ በሦስተኛው ክፍት ቦታ ወለል ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ መተላለፊያ ይከፍታል። ፈሳሹ የተዘጋውን መንገድ ትቶ በዚያ ይወጣል፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ባዕድ ነገር የለም። በሕፃናት ላይ ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሥጋ በሙቀት ማክሰም፣ ሲፒሲ የሚሉት፣ ሊጨመርበት ይችላል። ይህን ጥምር ዘዴ በኡጋንዳ እምባሌ ከተማ ያዳበረው አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ዋርፍ ነው፤ ምክንያቱም መንገድ ነበር። ሻንት ያለው ልጅ ቱቦው በተደፈነበት ሌሊት ቀዶ ሐኪም ዘንድ ካልደረሰ ሊሞት ይችላል፤ ከሩቅ ገጠር የሚመጡት ልጆች ደግሞ አይደርሱም ነበር። ከጣና ማዶ ላለ ቤተሰብም ጥያቄው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እዚያው እምባሌ ውስጥ ከኢንፌክሽን በኋላ ውሃ የተጠራቀመባቸውን፣ ከ6 ወር በታች የሆኑ 100 ሕፃናት ለሁለቱ ዘዴዎች በዕጣ መድቦ ተከታትሎ ነበር። ከዓመት በኋላ በአእምሮ ዕድገታቸው መካከል ልዩነት አልተገኘም። በዓመቱ ውስጥ ሕክምናው ያልያዘላቸው በካሜራው በኩል 35 በመቶ፣ በሻንቱ በኩል 24 በመቶ ነበሩ፤ በስታትስቲክስ ሚዛን ይህም እርግጠኛ ልዩነት አልተባለም። ስለዚህ «ካሜራው ዘመናዊ ነው፣ አእምሮውን ያተርፍለታል» ወይም «ቱቦ ልጁን ያፈዝዘዋል» የሚለው ወሬ መምረጫ አይሁናችሁ።

ደብተር ላይ የሚሠራ ስሌት

ኢቲቪ ይሳካ እንደሆነ ሐኪሞች የሚገምቱበት የነጥብ ስሌት ቀላል ነው። ዕድሜው ከ1 ወር በታች ከሆነ 0፣ ከ1 እስከ 6 ወር 10፣ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት 30፣ ከ1 እስከ 10 ዓመት 40፣ ከዚያ በላይ 50። መነሻው እንደ ማጅራት ገትር ያለ ኢንፌክሽን ከሆነ 0፤ ስፓይና ቢፊዳ ወይም የአንጎል ውስጥ መድማት ከሆነ 20፤ የቦዩ መጥበብ ከሆነ 30። ከዚህ በፊት ሻንት ገብቶለት ከሆነ 0፣ ካልሆነ 10። ድምሩ በግምት ከመቶ ስንቱ እንደሚሳካ፣ ማለትም ቀዳዳው ለ6 ወር እንደሚሠራ ይነግራል።

ቦዩ የጠበበበት የ3 ዓመት ልጅ 40፣ 30 እና 10 ሲደመር 80 ያገኛል። ሕመሙ ያው ሆኖ የ4 ወር ቢሆን 50 ነው። ስፓይና ቢፊዳ ያለበት የ3 ሳምንት ጨቅላ 30፣ ከማጅራት ገትር በኋላ የመጣ የ5 ወር ሕፃን 20። ስሌቱ የተሠራው ለኢቲቪ ብቻ ነው፤ ሲፒሲ ሲጨመርበት የትንንሾቹ ዕድል ከፍ ይላል፤ ስለዚህ «ሲፒሲም አብሮ ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

80 ላይ ካሜራው ካለ ቱቦ ለማስገባት ምክንያት የለም። 20 ላይ፣ ያለ ሲፒሲ ከሆነ ደግሞ፣ ካሜራውን መሞከር ልጁን ሁለቴ ማደንዘዝ ይሆናል፤ ሻንት ይሻላል። የሚያከራክረው ከ40 እስከ 60 ያለው ነው፤ እዚህ ላይ መንገድ ይወስናል። ከሆስፒታል ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ በመጀመሪያ ኢቲቪ መሞከሩን እንመርጣለን፤ ከያዘ ዕድሜ ልክ የሚከተል ዕቃ የለምና። ቅድመ ሁኔታ ግን አለው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ቅርብ መቆየት።

መቼ ይበላሻል

ሻንት በመጀመሪያው ዓመት ከሦስት ልጆች ቢያንስ በአንዱ ላይ ይደፈናል፣ ይነቀላል ወይም ይመረቅዛል። ኢንፌክሽኑ የሚመጣው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ነው፤ መደፈኑ ግን ጊዜ አይመርጥም፤ በ10 ዓመቱም ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽን ከገባ ቱቦው ወጥቶ፣ ፈሳሹ ለጊዜው ወደ ውጭ እንዲወርድ ተደርጎ፣ መድኃኒት በደም ሥር ለሁለት ሳምንት ገደማ ተሰጥቶ፣ ከዚያ አዲስ ይገባል። አስታማሚው አልጋ ሥር የሚያድርባቸውን ሌሊቶች ቁጠሩት።

ኢቲቪ ከተበላሸ ቀድሞ ነው፤ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ የተቀረው እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይታወቃል። ከዚያ ያለፈ ልጅ ብዙ ተስፋ አለው። ሆኖም ቀዳዳው ከዓመታት በኋላ በድንገት የሚዘጋባቸው ጥቂቶች ስላሉ፣ «ቱቦ የለውም፣ ድኗል» ብሎ ክትትሉን ማቋረጥ አያዋጣም።

በማገገሚያ ቀናቱም ይለያያሉ። ሻንት የገባለት ሕፃን፣ በተለይ ጭንቅላቱ በጣም ሰፍቶ የነበረ፣ ፈሳሹ በአንድ ጊዜ እንዳይወርድበት የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ቀናት በጀርባው ዝቅ ብሎ ተኝቶ፣ ቀስ በቀስ ቀና ይደረጋል። ቫልቩ ባለበት ጎን አይተኛም፤ የተወጠረ የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ቫልቩ ላይ ይላጥና ይቆስላል። ሆዱ ስለተከፈተ ጡት የሚጀምረውም ትንሽ ዘግይቶ ነው። ኢቲቪ የተሠራለት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛል፤ ቶሎም ይጠባል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ትኩሳት ሊኖረው ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ የሚመጣ ትኩሳት ግን ሌላ ነገር ነው።

የት እንቆይ

ሦስት ምርጫ አለ፤ በወጡበት ቀን ወደ አገር ቤት መመለስ፣ ስፌቱ እስኪነሣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባሕር ዳር መቆየት፣ ወይም ሦስቱንም ወር መቆየት። የመጀመሪያውን ለማንም አንመክርም፤ ከከተማው ዳር ላለ ሰው ካልሆነ በቀር። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ለመምረጥ ርቀትን በኪሎ ሜትር አትለኩ። እንዲህ ብላችሁ አስቡ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልጁ ማስመለስና መፍዘዝ ቢጀምር፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል በስንት ሰዓት ጉዞ ይደርሳል? ከሦስት ሰዓት ጉዞ በታች ከሆነ ስፌቱ ሲነሣ ተመለሱ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስቱን ወር ተቀመጡ።

ዘጌ በጀልባም በመኪናም ስለሚደረስ ከሁለተኛው ምርጫ ጋር ይሄዳል። ደቅ ግን በሌሊት ጀልባ የለውም፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ የቀኑም ይቸግራል። ስለዚህ የደቅ ቤተሰብ ከሚነጋበት ሰዓት ጀምሮ መቁጠር አለበት፤ ያ ማለት ሦስት ወር መቆየት ነው፤ ኢቲቪም ቢሆን ሻንትም ቢሆን። ለጎርጎራና ለደልጊ ሰው ጎንደር ስለሚቀርብ፣ ክትትሉ ወይም ድንገተኛው እዚያ ሊታይ ይችል እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቃችሁ የሪፈር ወረቀቱን አስይዙ።

ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት ማረፍና ክፍል መከራየትም ይለያያል። ዘመድ ቤት ወጪ ይቀንሳል፤ ጠያቂው ግን ይበዛል። እያንዳንዱ መጥቶ ራሱን ይዳብሳል፣ ይስመዋል፣ ጉንፋኑን ያካፍለዋል። ጠያቂን «ስፌቱ እስኪነሣ ከሩቅ እዩት» ማለት ነውር አይደለም። ለሚከራይ ሰው፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ያለው በአዴት መውጫ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ደግሞ ከተማው ውስጥ ስለሆነ ቀዶ ጥገናው በተደረገበት በኩል ፈልጉ። ባጃጅ በጊዜ እንዲገባ የሚደረግባቸው ወቅቶች ስላሉ የአንድ ባጃጅ ስልክ አይበቃም፤ መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን እወቁ።

በየማታው የሚሠራ ሥራ

የትም ብትሆኑ ሁለት ነገር አይቀርም። አንደኛው እርግብግቢቱ ነው። ልጁ ጠብቶ ጸጥ ሲል ቀና አድርጋችሁ አቅፉት፤ ሲያለቅስ ወይም ተጋድሞ ሳለ አትፈትሹ፣ ጤነኛም ልጅ ያኔ ይወጠርበታልና። በሁለት ጣት ለስለስ አድርጋችሁ ዳስሱ። ጥሩው ለስላሳ፣ እኩል ወይም ጥቂት ጎድጎድ ያለና ትርታው የሚሰማ ነው። ጠንክሮ ወደ ውጭ ካበጠ፣ ቀና ብሎም ካልተመለሰ፣ ፈሳሹ እየወጣ አይደለም።

ሁለተኛው ልኬቱ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር በቂ ነው፤ የሚለጠጥ እንዳይሆን ብቻ። ከቅንድብ በላይ፣ ከጆሮ በላይ፣ ከኋላ በጣም በወጣው ቦታ አዙራችሁ ሦስት ጊዜ ለኩና ትልቁን ጻፉ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሜትር፣ አንድ ሰው ይለካ፤ አባት አንድ ሳምንት እናት ሌላ ሳምንት ከለኩት ልዩነቱ የእጃቸው ይሆናል። ጤነኛ ሕፃን እስከ 3 ወሩ በወር 2 ሳንቲ ሜትር፣ ከ3 እስከ 6 ወር 1፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ሻንት ከገባ በኋላ ቁጥሩ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ከኢቲቪ በኋላ ላይቀንስ ይችላል፤ የሚጠበቀው ፍጥነቱ ወደ ጤነኛው እንዲወርድ ነው። «የእንትና ልጅ ራሱ አነሰለት፣ የእኛ አላነሰም» የሚለው ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለቱን ካለመለየት ነው። በሁለቱም ላይ በሳምንት ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ መጨመር ቀጠሮ የማይጠበቅበት ነው።

ሻንት ብቻ ያለው ሌላም ችግር አለ፤ አብዝቶ ማውረድ። እርግብግቢቱ ይሰረጉዳል፣ የራስ ቅሉ አጥንቶች አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባሉ። ከዚህ ጋር የሚምታታው ተቅማጥ ነው፤ ምላሱ ደርቆ፣ ሽንቱ ቀንሶ ከሆነ ውሃ አንሶታል፤ ጡት አዘውትሩለት፣ ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ በማንኪያ ስጡት፣ ጤና ጣቢያም አሳዩት። ተቅማጥ ሳይኖር ከሰረጎደ ግን በጀርባው አስተኝታችሁ ሆስፒታል ደውሉ። ቫልቩን በጣት እየተጫናችሁ «እንዲሠራ» አትርዱት። ሆድ ድርቀትም ቀላል አይደለም፤ ሆዱ ሲወጠር ፈሳሹ የሚወርድበት ቦታ ይጨናነቃል። እጅግ አልፎ አልፎ የቱቦው ጫፍ አንጀት በስቶ በፊንጢጣ ብቅ ይላል፤ አትጎትቱት፣ አትቁረጡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ሂዱ።

ቅቤ፣ ጸበል፣ አንቀልባ

በእርግብግቢት ላይ ቅቤ ማድረግ የአገር ወግ ነው። ስፌት ባለበት ራስ ላይ ግን ቅቤው ቆሻሻና ዝንብ ይይዛል፣ ቁስሉን ያርሰዋል፣ ጀርሙን ቱቦው ድረስ ያደርሰዋል። ስፌቱ ተነሥቶ ቅርፊቱ ሁሉ እስኪረግፍ ይቅር። ጸበልም ለሚፈልግ ቤተሰብ ከቀዶ ጥገና ጋር አይጣላም፤ ስፌቱ እስኪደርቅ ከአንገት በታች ይረጭ፣ የሻንት ልጅ ከሆነ የሆዱም ቁስል አይንካው። ማስተኮስና እንጥል ማስቆረጥ ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ሻንት ላለው ልጅ የቆሸሸ ምላጭ እስከ አንጎል የሚዘልቅ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

ኢቲቪ የተሠራለትን ልጅ ራሱ ከተደገፈ ቶሎ ማዘል ይቻላል። በሻንቱ ልጅ አንቀልባው የሆዱን ስፌት ይጫናል፣ የአንገቱንም ቱቦ ያጥፈዋል፤ ስፌቱ እስኪነሣ በክንድ ይታቀፍ።

ከቁስሉ ጠራ ያለ ውሃ ጠብ ካለ፣ በየትኛውም ቀዶ ጥገና ይሁን፣ ፋሻ ደርቦ ማደር አይቻልም። ፈሳሹ የሚወጣበት በር ጀርም የሚገባበትም በር ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚንጠባጠበው ውስጥ ያለው መንገድ ስላልሠራ ነው። ስፓይና ቢፊዳ ላለው ልጅ የጀርባው ቁስል ውሃ ማውጣት ከጀመረ ያው ምልክት ነው። ሲተነፍስ ሲር ካለ ወይም ወተት ካነቀውም አትዘግዩ።

ትኩሳትና ወባ

በሐይቁ ዙሪያ፣ በፎገራና በደምቢያ ሜዳ፣ ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይበረታል። ሻንት ያለው ልጅ ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያው ደም አይቶ «ወባ ነው» ቢል ሁሉም ይረጋጋል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ወባ መገኘቱ ቱቦው አልመረቀዘም ማለት አይደለም፤ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። የወባውን መድኃኒት አስጀምራችሁ፣ ሻንት ከገባ 6 ወር ያልሞላው ልጅ ከሆነ በዚያው ቀን ቀዶ ጥገናው የተደረገበት ሆስፒታል ይታይ። በቱቦው መስመር ላይ መቅላት፣ የሆድ መነፋት ወይም የአንገት መገተር ካለ የደም ምርመራውንም አትጠብቁ።

ፓራሲታሞል ከመስጠታችሁ በፊት ትኩሳቱን ለክታችሁ ጻፉ፤ ከ38 በላይ ከሆነ ሐኪሙ ቁጥሩን ይፈልገዋል። መጠኑ ለ1 ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ነው። 5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ ከሆነ ለ6 ኪሎ ሕፃን 2.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ በማንኪያ ሳይሆን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለካ። አስፕሪን አይሰጥም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ታዞለት ከነበረ አልቆ አንድ ቀን እንዲያልፍ አትፍቀዱ።

ወረቀቱ

ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህ በወረቀት ላይ ይጻፉላችሁ፤ የተደረገው ምን እንደሆነ፣ ቀኑ፣ ሻንት ከሆነ የምርቱ ስምና ግፊቱ፣ በየትኛው ጎን እንደገባ፣ በመውጫው ዕለት የራስ ልኬቱ። የሌሊት ተረኛ ሐኪም ልጁን አያውቀውም፤ ቫልቩ መካከለኛ ግፊት መሆኑን ካወቀ አንድ ሰዓት ይተርፋል። ሲቲ ስካኑንም ተቀበሉ፤ አዲሱ ምስል ከአሮጌው ጋር ሳይተያይ ክፍት ቦታው ሰፋ ወይስ እንደነበረ ነው ለማለት ይቸግራል፤ በተለይ ከኢቲቪ በኋላ፣ የሚሠራም ቀዳዳ ኖሮ ቦታው ሰፊ እንደሆነ ሊቆይ ስለሚችል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን ከዚሁ ጋር በአንድ ላስቲክ ጠቅልሉ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ፎቶውንም ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ፣ ጀልባ ላይ ስልክ ውሃ ይገባልና።